የአንድ ከሰዓት ዕቅድ

ልጆቻቸው ባሕር ማዶ የሚኖሩ እናቶቻችን ዓለምን የሚያዩበት የተለየ መስኮት አላቸው፤ እርሱም የወጥ ቤት መስኮት ነው። ዋሽንግተን ደርሰው የተመለሱ፣ ሮም የከረሙ፣ ስቶክሆልም በረዶውን ያሳለፉ ብዙ እናቶች አውቃለሁ። «አገሩ እንዴት ነው?» ሲባሉ «ብርድ ነው» ይላሉ፤ ወይም «ሕፃኑ ጡት በደንብ ይዟል» ብለው ወሬውን ወደሚያውቁት ነገር ይመልሱታል። ልጃቸውን ሊያርሱ ይሄዳሉ፤ አርሰው ይመለሳሉ። አጥሚት ያፈላሉ፣ ገንፎ ያገነፋሉ፣ ሕፃን ያጥባሉ፣ ሌሊቱን አዝለው ያባብላሉ። በፓስፖርታቸው ላይ የተመታው ቪዛ የጎብኚ ነው፤ ጉብኝት ግን የለበትም።

እናቴም ባለፈው ጥቅምት ቶኪዮ የሄደችው በዚሁ ወግ ነበር። ለትምህርት ሄዳ በዚያው ትዳር የያዘች ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ነው። የምትኖረው ካትሱሺካ በሚባለው ወረዳ፣ ዮትሱጊ ሰፈር ነው፤ በቶኪዮ ካሉት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የተሰባሰቡት በዚሁ አካባቢ ነው። በኅዳር እናቴን ላመጣት ስሄድ ቶኪዮ ከገባች ሁለት ወር ሊሞላት ጥቂት ቀን ቀርቷት ነበር። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ያየችውን ብጠይቃት ሕፃኑ የተከተበበትን ክሊኒክ፣ አትክልት የሚገዙበትን ሱቅና ከበረንዳው ማዶ የሚታየውን የባቡር ድልድይ ቆጠረችልኝ። ከመሄዷ በፊት ስለ ቶኪዮ የምታውቀው አንድ ነገር ነበር፤ አበበ ቢቂላ የሮጠበት አገር መሆኑን። እ.ኤ.አ. በ1964 አበበ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ሲያጠልቅ እርሷ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች።

እኔ ከደረስሁ በኋላ ለመመለስ አምስት ቀን ነበረን። ከአምስቱ አራቱ በጥየቃ፣ በሻንጣና በስንብት የተያዙ ናቸው። የቀረው የረቡዕ ከሰዓት ብቻ ነው፤ የእህቴ ባል ከሥራ ቀርቶ ሕፃኑን ሊይዝ ቃል የገባበት ቀን። እህቴ ወደ ጓዳ ጠርታኝ «እማዬን አንድ ቦታ ውሰዳት» አለችኝ። «መቅደስ አይሁን፣ ሙዚየም አይሁን፣ የገበያ አዳራሽ አይሁን። እንድትጫወት ውሰዳት።» የእህቴ ድምፅ የልመና ድምፅ ነበር። ለሁለት ወር ያየችው እናቷን ሳይሆን የእናቷን እጆች መሆኑ ከንክኗታል መሰለኝ።

በዚያች ሌሊት ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ።

በጃፓን የመዝናኛ ፓርክ ነገር ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው የቶኪዮ ዲዝኒላንድ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1983 የተከፈተ፣ ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያው ዲዝኒላንድ። ስሙ ቶኪዮ ቢልም የሚገኘው በጎረቤቱ በቺባ ግዛት፣ በኡራያሱ ከተማ፣ ባሕሩ በአፈር ተሞልቶ በተገኘ መሬት ላይ ነው፤ በ2001 ደግሞ ዲዝኒ ሲ የተባለው ታናሹ ከጎኑ ተከፍቷል። ቲኬቱ ቀን ተመርጦ አስቀድሞ ይገዛል፤ ዋጋውም እንደ ቀኑ ይለያያል። በአንዳንዶቹ መጫወቻዎች ወረፋውን ማሳጠር የፈለገ ሌላ ገንዘብ ይከፍላል። ከዮትሱጊ ተነሥቶ ወደዚያ ለመሄድ ባቡር መቀያየር ግድ ነው፤ በቶኪዮ ጣቢያ በኩል ለሚያልፍም የኬይዮ መስመር ከሌሎቹ መስመሮች እጅግ ርቆ ከመሬት በታች የተዘረጋ በመሆኑ፣ ከባቡር ወደ ባቡር የሚደረገው መንገድ ራሱ አንድ ጉዞ ነው። የእናቴን ጉልበት አሰብሁ። ለሥራ ቀን የሚሸጥ፣ ከምሽቱ 11 ሰዓት ጀምሮ የሚያስገባ ርካሽ ቲኬትም አለ፤ ነገር ግን 11 ሰዓት ሕፃኑ የሚታጠብበት ሰዓት ነው፤ የሚያጥበውም ከእናቴ በቀር ማንም አልነበረም።

በማግስቱ ስለ ወረፋው ስነግራት እናቴ ሳቀች። «ወረፋማ አገሬስ መች ጠፋ» አለች።

ስለዚህ ሌላ ፈለግሁ፤ ያገኘሁትም እደጃችን ነበር። ከዮትሱጊ የሚነሣው ባቡር የአራካዋን ወንዝ ተሻግሮ፣ ኦሺያጌ ላይ መሬት ውስጥ ገብቶ፣ በአምስተኛው ጣቢያ አሳኩሳ ያደርሳል፤ መቀየር የለበትም። አሳኩሳ ደግሞ በሰንሶጂ ቤተ መቅደስ የታወቀ የድሮ ሰፈር ነው። ከመቅደሱ ጀርባ፣ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ተጣቦ የተቀመጠ ትንሽ የመጫወቻ ስፍራ አለ፤ ሐናያሺኪ ይባላል። የአበባ ቤት እንደ ማለት ነው።

ይህች ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1853 ስትከፈት እንደ ስሟ የአበባ አትክልት ነበረች። ሕዝቡ አበባ ሊያይ ከፍሎ ይገባ ነበር። ያ ዓመት ለጃፓን ቀላል ዓመት አልነበረም፤ በሐምሌ ወር የአሜሪካው ኮሞዶር ፔሪ በእንፋሎት የሚሄዱ ጥቁር መርከቦቹን ይዞ የኤዶን ባሕረ ሰላጤ ያስጨነቀበት ነው። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በእኛ አገር ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል ነሥተው የዘመነ መሳፍንትን በር መዝጋት ጀምረው ነበር። በዓለም ላይ መድፍ በሚያጓራበት በዚያ ዓመት አንድ የአትክልት ሰው አበባ ተክሎ «ኑ እዩ» ማለቱ ገረመኝ። ስፍራዋም ዛሬ የጃፓን የመዝናኛ ፓርኮች ሁሉ ታላቅ እኅት ናት።

ወረቀቴን እንዲህ ከፋፈልሁት። እናቴ የነቢያትን ጾም ስለያዘች እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ከዚያ በኋላም ዓሣ አትበላም። የጃፓን ሾርባ ደግሞ አብዛኛው የዓሣ መረቅ አለበት። ስለዚህ የሚበላው ነገር የተጠበሰ ስኳር ድንች ይሁን፤ እርሱን ታውቀዋለች። ከቤት መውጫ 7 ሰዓት፤ አሳኩሳ 7 ሰዓት ተኩል፤ በመቅደሱ ዙሪያ ቀስ ብሎ መሄድ እስከ 8 ሰዓት ከሩብ፤ ፓርኩ ውስጥ እስከ 9 ሰዓት ተኩል፤ ስኳር ድንች፤ በዚያ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 10 ሰዓት ተኩል ስለሆነ ከጨለማው በፊት ባቡር፤ ለሕፃኑ መታጠቢያ ቤት መድረስ። በወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ተሟልቶ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ጎደለው። እናቴ ምን እንደምትፈልግ አላውቅም።

አንባቢ ሆይ፣ ለራሷ መፈለግን ያልለመደች እናት ያለችህ ከሆነ ችግሬን ትረዳዋለህ። «ምን ላሳይሽ?» ብትላት «አንተ ደስ ያለህን» ትላለች። «ምን ልግዛልሽ?» ብትላት «ለልጆቹ ያዝላቸው» ትላለች። ለእንደዚህ ያለ ሰው ደስታን ማቀድ ቋንቋው በማይታወቅ አገር መንገድ እንደ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን በሌላ በኩል አዞርሁት። ማታ የሕፃኑን ልብስ ስታጥፍ ከጎኗ ተቀምጬ «ልጅ ሳለሽ ምን ትጫወቺ ነበር?» አልኋት።

«እኔ?» አለች፤ ሌላ ሰው የተጠየቀ ይመስል። «እኔማ ታናናሾቼን አዝዬ ነው ያደግሁት።» ጥቂት ዝም አለችና ቀጠለች። አባቷ ደብረ ብርሃን አካባቢ ገበሬ ነበሩ፤ ዳማ ፈረስ ነበራቸው። ሣር የምታጭድለት እርሷ ነበረች፤ ወንዝ ወርዳ የምታጠጣውም እርሷ። ጥምቀት ሲደርስ ጋማውን ታበጥርና ወንድሞቿ ተቀምጠውበት ለጉግስ ይወጣሉ። «አንድ ጊዜ ብቻ ‹ልቀመጥበት› ብዬ ጠየቅሁ። አያቴ ‹ሴት ልጅ በፈረስ ስትጋልብ ታይታ ማን ያገባታል?› አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁም።» ይህን የተናገረችው ያለ ምሬት ነው፤ ያ ዓመት ዝናብ አነሰ እንደሚባለው። እጥፏን ጨርሳ ተነሣች።

ወደ ወረቀቴ ተመለስሁ። ሐናያሺኪ ውስጥ ካሉት መጫወቻዎች መካከል የሚሽከረከሩት ፈረሶች እንደሚገኙበት አውቅ ነበር፤ ነገር ግን የልጆች ነው ብዬ አልጻፍሁትም ነበር። አሁን ጻፍሁት። ከአጠገቡም አሥራ አምስት ደቂቃ አልሁ።

ጃፓን የኢትዮጵያን ምሁራን ለረጅም ጊዜ ያስቀናች አገር ናት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 መልእክተኛ ሆነው ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውልናል። የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችንም የሜጂን ሕገ መንግሥት አብነት ያደረገ ነው። ከዚያ ወዲህም ስለ ጃፓን ስንነጋገር የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «እንዴት በረታች?» ፋብሪካዋን፣ ትምህርት ቤቷን፣ የጦር መርከቧን ቆጥረናል። «ሕዝቧ የሚጫወተው የት ነው?» ብለን ስንጠይቅ ግን ብዙም አልሰማሁም። ስለ አሳኩሳ ሳነብ ያገኘሁት አንድ ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ ጋር አፋጠጠኝ።

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1945 ከእኩለ ሌሊት በኋላ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በምሥራቅ ቶኪዮ ላይ እሳት አዘነቡ። በዚያች አንድ ሌሊት ያለቀው ሰው ወደ 100,000 ይገመታል። አሳኩሳ ተቃጠለ፤ የሰንሶጂ ዋና አዳራሽም አብሮ ነደደ። አዳራሹ እንደገና ተሠርቶ የቆመው በ1958 ነው። በሐናያሺኪ ዛሬም የሚሠራው ሮለር ኮስተር ግን በ1953 ተተክሏል፤ በጃፓን ካሉት ሁሉ አንጋፋው እርሱ ነው። አዳራሹ ከመመለሱ አምስት ዓመት በፊት፣ ከቃጠሎው ስምንት ዓመት በኋላ፣ ወላጅ አልባ ሕፃናትና መበለቶች በሞሉበት ሰፈር ሰዎች ብረት አጠማዘው፣ በላዩ ትንሽ ባቡር ሰቅለው፣ ልጆች እንዲጮኹ አደረጉ። በዚያ ሰፈር ከዚያ በፊት የነበረውን ጩኸት ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጨዋታ ከጥጋብ በኋላ የሚመጣ ትርፍ ነው ብዬ አምን ነበር፤ በእነዚህ ዘመናት ቅደም ተከተል ፊት ግን ያ እምነት አልቆመልኝም።

ረቡዕ በ7 ሰዓት ወጣን። እናቴ ነጠላዋን ከካፖርቷ በላይ ደርባለች። ባቡሩ ወንዙን ሲሻገር «ከበረንዳው የማየው ድልድይ ይህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ነው ስላት በመስኮቱ ዘወር ብላ ቤታችን ያለበትን አቅጣጫ ፈለገች። አሳኩሳ ወርደን ትልቁ ቀይ ፋኖስ በተንጠለጠለበት በር ገባን፤ ሱቆቹን አለፍን። መቅደሱ ዘንድ ስንደርስ ነጠላዋን አስተካከለችና «የሰው እምነት ነው፤ በአክብሮት እንለፍ» አለች፤ እኔም ዕቅዴ ላይ ከጻፍሁት ቀድመን አለፍን። በግቢው ውስጥ ከዚያ ሌሊት እሳት የተረፈ የጊንኮ ዛፍ አለ፤ ግንዱ ላይ የቃጠሎው ጠባሳ ይታያል፤ ቅጠሉ ደግሞ በዚያ ወር እንደ አደይ ቢጫ ነበር።

«በ1945 ተቃጥሎ ነው» አልኋት።

«በተወለድሁበት ዓመት?» አለች ደንግጣ።

በእነርሱ አቆጣጠር መሆኑን ነገርኋት፤ የእርሷ 1945 በእነርሱ 1953 እንደሚሆን ቆጠርሁላት። እጇን ከግንዱ ፊት ለፊት ዘርግታ፣ ሳትነካው፣ ጥቂት ቆመች። «ታዲያ ይህ ታላቄ ነው» አለች።

ፓርኩ ውስጥ ስንገባ ሮለር ኮስተሩ ከራሳችን በላይ እየተንኳኳ አለፈ። ፍጥነቱ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዛሬዎቹ ፊት እንደ ሽማግሌ የሚቆጠር። «እኩያሽ ይሄውልሽ፤ እርሱም በ1953 ነው የተወለደ» አልኋት። ቀና ብላ ተከተለችው። «እርሱን ጉልበቱን አያመውም» አለች።

ፈረሶቹ ዘንድ ስንደርስ ምንም አላልኋትም። ቲኬቱን ገዝቼ በእጇ አስያዝኋት። ፈረሶቹን አየች፤ እኔን አየች፤ ከፊታችን የነበሩትን ልጆች አየች። «ይህ የሕፃናት አይደለም?» አለች። የምታስገባው ወጣት ሴት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና መንገዱን አሳየቻት። እናቴ እጅ የነሣን ሰው ማስቀየም አትችልም፤ ገባች። ነጩን አለፈች፤ ጥቁሩን አለፈች፤ ከቡናማው ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ወጣቷ ደግፋ አወጣቻት።

በመጀመሪያው ዙር ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ፊቷን ቋጥራ፣ ሰነድ እንደሚፈርም ሰው ሆና አለፈችኝ። በሁለተኛው አንድ እጇን ለቅቃ ነጠላዋን መለሰች። በሦስተኛው እጄን ባወዛውዝላትም አላየችኝም፤ የምታየው ወደ ፊት ነበር። ከዚያ ሙዚቃው ቆመ። ልጆቹ ወረዱ። እናቴ ግን አልወረደችም። በአጥሩ ላይ ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ይደገማል?» አለችኝ።

በሕይወቴ ከእናቴ አፍ ለራሷ የወጣ ጥያቄ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ወረቀቱ በኪሴ ነበር፤ 9 ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር፤ የተመደበው አሥራ አምስት ደቂቃ አልቋል። «ይደገማል» አልኋት፤ ሮጬም ቲኬት ገዛሁ። ሦስት ጊዜ ተቀመጠች፤ ሦስቱንም በዚያው በቡናማው። በሦስተኛው ላይ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ያንን ፈረስ ፈልጎ ቆሞ ነበር። እናቴ ሕፃን ስታይ ሁሉን ትሰጣለች፤ ያን ዕለት ግን በእጇ ወደ ጎን ያለውን ነጭ ፈረስ አመለከተችው።

ከፓርኩ ስንወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ስኳር ድንቹን በመንገድ ላይ በላን፤ እንፋሎቱ ከእጃችን ይነሣ ነበር። እህቴ ደወለች፤ አባትየው ሕፃኑን ሊያጥብ ውኃ እያሞቀ መሆኑን ነገረችን። እናቴ እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር። «ውኃውን በክርኑ ይለካ በላት» አለችኝና ድንቿን ቀጠለች። በዕቅዱ ላይ የነበረው የሱቆቹ ጉብኝት ቀረ፤ በፋኖሱ ሥር ሊነሣ የነበረው ፎቶግራፍም ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያንን ወረቀት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሌላ ሰው አጭር ዕረፍቱን ይዞ፣ አዛውንት ወላጁን አስከትሎ እንዲህ ያለ ስፍራ ሊሄድ ቢያማክረኝ የምነግረው ብዙ አይደለም። ቅርቡን ይምረጥ፤ ባቡር የማያቀያይረውን። ለጉልበትና ለጾም ቦታ ይስጥ። የሚታዩትን ነገሮች በግማሽ ይቀንስና የተረፈውን ሰዓት ባዶ ይተወው። ከሁሉ በፊት ግን ከሳምንታት አስቀድሞ፣ ልብስ በሚታጠፍበት ሰዓት፣ ከጎን ተቀምጦ ይጠይቅ። መልሱ ቶሎ አይመጣም፤ ሲመጣም የፓርክ ስም ሆኖ አይመጣም።

አዲስ አበባ በተመለስን በሁለተኛው እሑድ ጎረቤቶች ለቡና ተሰበሰቡ። «እንዴት ነበር አገሩ?» ተባለች። እኔ በር አጠገብ ተቀምጬ «ብርድ ነው» የሚለውን መልስ ስጠብቅ ነበር። እናቴ ሁለተኛውን ስኒ ቀድታ አቀበለች፤ ረከቦቱን አስተካከለች።

«በፈረስ ጋለብሁ» አለች።

ጎረቤቶቻችን ተያዩ። አንደኛዋ «በስንት ዓመትሽ?» ብላ ሳቀች። እናቴም ፈረሱ የብረት ይሁን የእንጨት፣ የሚሄድ ይሁን ባለበት የሚዞር ሳታብራራ «ዳማ ነው» አለቻቸው።